ነዶው እስኪታሰር

ኑርሁሴን ያልተጫወተበት የከሚሴ ሠርግ ካለ፣ ወይ በድብቅ የተደገሰ ነው፣ ወይ ሙሽራው ከኑርሁሴን ዘመዶች አንዷን አጭቶ ትቶ ሌላ ያገባ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ እያሰረ፣ ከጨፋ እስከ ባቲ ያልረገጠው የሠርግ ዳስ የለም። ሙዚቃን ራሱ ነው የተማረው። ኖታ ማንበቡን ብቻ ያስተማሩት ከጦር ሠራዊት ጡረታ የወጡ አንድ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ፤ እሳቸውም ግማሹን አስተምረው ግማሹን «ነገ» እንዳሉት ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ኑርሁሴን ኖታ የሚያነበው ኪታቡን ያልጨረሰ ደረሳ እንደሚቀራው ነው፦ የሚያውቀው ቦታ ሲደርስ ድምፁን ከፍ፣ የማያውቀው ቦታ ሲደርስ ሳል።

ዕድሜው አርባ አምስትን ሲሻገር የባህል መሥሪያ ቤቱ «የሙዚቃ ባለሙያ» ብሎ ቀጠረው። ሥራው የአገሩን ዜማ በኖታ እየጻፈ ማስቀመጥ ነው። በክፍሉ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ቶይባ ነበሩ። ቶይባ ጸሐፊ ናት፤ ደብዳቤ ሦስት ቀን ይፈጅባታል፣ ወሬ ግን እዚያው በዚያው ታደርሳለች።

ኖታ የሚጻፍበት የኮምፒውተር ፕሮግራም አሮጌ ነበር። አንዷን የኖታ ፍሬ ለመትከል ሦስት ጊዜ ጠቅ ማድረግ ይጠይቃል፤ አንድ ዘፈን ተጽፎ እስኪያልቅ ጨፋ ላይ ጤፍ ተዘርቶ ይደርሳል። ኑርሁሴን ግን ለምዶታል። ያልለመደው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከምልክቶቹ ረድፍ ጥግ ላይ ዓይን የምትመስል አንዲት ምልክት አለች፤ ከላይ ግማሽ ክብ፣ ከሥሯ ነጥብ። ስትመለከተው አይወድላትም።

«ፈረንጅም ቡዳ ይፈራል ማለት ነው» አላት ቶይባን። አንድም ቀን ነክቷት አያውቅም።

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ፣ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራው የአክስቱ ልጅ ጀሚል፣ የፕሮግራሙን አዲስ እትም በፍላሽ ገልብጦ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ላከለት። አስከትሎም ደወለ።

«በጣም ተሻሽሏል፣ ኑሬ። ኪቦርድህን በገመድ ታገናኘዋለህ። አንተ ትጫወታለህ፣ እሱ እየሰማ ይጽፋል።»

«ማነው የሚሰማው?»

«ፕሮግራሙ ነዋ!»

ኑርሁሴን ዞር ብሎ ኮምፒውተሩን አየው። ሁለት ዓመት ሙሉ አለቃውን ሲያማ የኖረው እዚሁ ሰውዬ ፊት ነው።

አዲሱ ፕሮግራም የመጣው በጨነቀ ሰዓት ነበር። ታኅሣሥ ላይ የዞኑ የባህል ፌስቲቫል አለ። ከሌላ ከተማ አንድ የማርሽ ባንድ ተጋብዟል፤ ጥሩምባውም ከበሮውም የሞላ፣ ግን ወረቀት ላይ ከተጻፈው ሌላ አንዲት ድምፅ የማያወጣ ባንድ። ዞኑ አንድ ዜማ በኖታ እንዲያቀርብ ተጠየቀ። ኑርሁሴን ሳያመነታ የእትዬ ዓዲላን የጅጌ ዜማ አለ።

እትዬ ዓዲላ የጨፋ ሴት ናቸው፤ ሰባን አልፈዋል። በጉብዝናቸው ጊዜ ለጤፍ አጨዳ ጅጌ፣ ሌላው ደቦ የሚለው፣ ሲጠራ እሳቸው ከፊት ቆመው ያወርዳሉ፣ ስልሳ ማጭድ ከኋላ ይቀበላል። ከዓመታት በፊት አንድ መቅረጸ ድምፅ የያዘ ሰው መጥቶ ቀርጿቸው ነበር። ዘፈኑን ከታትፎ፣ አንድ ደቂቃ አድርጎ በካሴት አወጣው። እትዬ ዓዲላ ካሴቱን ሰሙ፣ ቴፑን ዘጉ፣ ከዚያ በኋላ ለማንም አልዘፈኑም። ዜማውን እንደሳቸው የሚያወርድ ሌላ ሰው የለም። ያሉትም ሴቶች «መጀመሪያውን ነው የማስታውሰው» ይላሉ።

ኑርሁሴን ሦስት ጁምዓ ተመላልሶ ለመናቸው። በሦስተኛው፣ «እንዳለ ካልሆነ ይቅር፤ ከእኔ ጋር ይቀበር» አሉት።

«ወላሂ እንዳለ ነው የምጽፈው» አለ ኑርሁሴን።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠው። ሰው ስለ በሬ ይምላል፣ ስለ መሬት ይምላል። እሱ ገና ከፍቶ ባላየው ፕሮግራም ማለ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት እትዬ ዓዲላ በባጃጅ መጡ። ቶይባ የራሷን ወንበር ለቀቀችላቸው፤ ወንበሯን ለኃላፊው እንኳ ለቃ አታውቅም። እሳቸው ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ኮምፒውተሩን ትክ ብለው አዩት።

ፕሮግራሙ ገና ከመከፈቱ ቅኝት ምረጥ አለ። ዝርዝሩ ወረደ፣ ወረደ፣ አያልቅም። ኑርሁሴን ከላይ እስከ ታች ባቲን ፈለገ። ሰኞ ሰኞ ግመሉ ሳይነዳ መንገዱን አውቆ የሚመጣባት፣ አገር ምድሩ ቅኝቱን በስሟ የሚጠራባት ባቲ፣ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። እንደገና ከታች ወደ ላይ ፈለገ። ስልኩን አነሳ።

«ጀሚል፣ ባቲን ትተዋታል።»

«የመጀመሪያውን ዝም ብለህ ምረጥና ተጫወት» አለ ጀሚል።

መረጠ። ወዲያው ኮምፒውተሩ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ ማለት ጀመረ።

«ማነው ምላሱን የሚያስጮኸው?» አሉ እትዬ ዓዲላ።

«ቆጣሪው ነው፣ እትዬ። ጊዜ እየጠበቀልን ነው።»

«እኛን ነው የሚጠብቅ፣ ወይስ የሚያጣድፍ?»

ኑርሁሴን እጁን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈ። ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። እትዬ ዓዲላ አንድ ስንኝ ያወርዳሉ፣ እሱ በኪቦርዱ ይከተላቸዋል፤ ፍሬዎቹ በስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ዱብ ዱብ ይላሉ። ቶይባ አፏን ይዛ «ሱብሃነላህ!» አለች። ስንኙ ሲያልቅ እትዬ ዓዲላ ዝም አሉ። ኑርሁሴንም እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። ቆጣሪው ብቻ ቲክ ቲክ ይላል።

የጅጌ ልማድ ነው። አውራጅ አንድ ስንኝ ካወረደች በኋላ ተቀባዮቹ ይቀበላሉ፤ እየተቀበሉ ያጭዳሉ፣ ነዶውንም ያስራሉ። ነዶው ሳይታሰር ቀጣዩን ስንኝ ማውረድ ነውር ነው፤ ጎንበስ ያለውን ሰው ረግጦ እንደማለፍ ይቆጠራል። እናም ሁለቱ፣ አንድም አጫጅ በሌለበት ቢሮ፣ የሌሉትን አጫጆች ቁጭ ብለው ጠበቁ። እትዬ ዓዲላ ዓይናቸውን ከግድግዳው ላይ ተክለዋል።

«አሁን እያሰሩ ነው» አሉ በሹክሹክታ።

ቶይባ ግድግዳውን አየች። ኑርሁሴንም አየ። ከቆይታ በኋላ እትዬ ዓዲላ በራሳቸው ነቀነቁ፣ ቀጣዩ ስንኝ ወረደ። እንዲህ እያሉ ዘጠኙንም ስንኝ ጨረሱ። አንዳንዱ ላይ አጭር ጠበቁ፣ አንዳንዱ ላይ ረጅም፤ «እዚህ ጋ ጤፉ ጋሽቧል» ብለው ቶይባ ሻይ አዝዛ እስኪመጣ የጠበቁበትም ነበር።

በማግስቱ ኑርሁሴን የጥሩምባውን ወረቀት አተመ። አንድ መስመር ፍሬ፣ ከዚያ እንደ በር መወርወሪያ የወፈረ ጥቁር ሰረዝ፣ ከላዩ «7»። እንደገና ፍሬ፣ ጥቁር ሰረዝ፣ «4»። ከዚያ «11»። የኖታ አስተማሪው ከመሞታቸው በፊት እዚህ ላይ አልደረሱም ነበር።

«ፕሪንተሩ ቀለም አፍስሶ ነው» አለች ቶይባ።

«ቁጥሩንም አብሮ አፈሰሰ?»

«እኔ እንጃ፣ አያ ኑሬ። የእቃ ዝርዝር ይሆን? ሰባት ወንበር፣ አራት ጠረጴዛ...»

ጀሚል ተደወለለት። «እሱ እኮ ትልቁ ማሻሻያ ነው!» አለ በደስታ። «ድሮ ባዶ ባር በገጹ ሁሉ ተዘርግቶ ወረቀት ይፈጅ ነበር። አሁን ባዶውን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ሰረዝ ያስቀምጠዋል። ሰባት ካለ፣ ሰባት ባር ዝም በሉ ማለት ነው።» ባር የሚለው በኖታው ላይ ከቁመት መስመር እስከ ቁመት መስመር ያለችውን ክፍል ነው።

«እኔ ዝም በሉ አላልኩም።»

«ምንም አልተጫወትክም ነበራ!»

«ተቀባዮቹ ናቸዋ የሚዘፍኑት!»

«የታሉ ተቀባዮቹ?»

«ጨፋ!» አለ ኑርሁሴን። ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ፤ ስንት ባር እንደሆነ የቆጠረ የለም።

ባንዱ ከፌስቲቫሉ ሦስት ቀን ቀድሞ ከሚሴ ገባ። መሪው ዩሱፍ የሚባል፣ ሱሪው እንደ ቢላዋ የተተኮሰ ሰው ነው። ወረቀቱን አገላበጠና ሳቀ።

«ወንድሜ፣ ሃያ ሁለት ሰው ጥሩምባ ይዞ መድረክ ላይ አሥራ አንድ ባር አፉን ዘግቶ አይቆምም። የታሰርን ነው የምንመስለው። ዝምታውን አውጣልኝ።»

«እንዳለ ነው እኮ የጻፍኩት።»

«እንዳለ ከሆነ ግማሹ የለም» አለ ዩሱፍ። ይህ አባባል ኑርሁሴንን ሁለት ቀን አልለቀቀውም። ግማሹ የሌለ ነገር እንዴት እንዳለ ይሆናል? አለ እንዳይል ወረቀቱ ላይ የለም። የለም እንዳይል በጆሮው ይሰማዋል።

ለማንኛውም ሞከረ። በአዲሱ ፕሮግራም ውስጥ «ባዶውን ደብቅ» የሚል ትእዛዝ አገኘና ጠቅ አደረገው። የከበሮው መስመር እንዳለ ከገጹ ጠፋ። መልስ ሲለው ከበሮው ተመልሶ ጥሩምባው ተሰወረ። ሌላ ቦታ ነካ፤ ዘፈኑ በሙሉ ሁለት ድምፅ ወደ ላይ ወጣ። ቶይባ፣ «እሱን ለሴቶች ቀየርከው» አለችው። ዙሑር፣ የቀትሩ አዛን፣ ሲል፣ አላህ ይደብቀኝ ብሎ ለሶላት ወጣ። ተመልሶ እንደምንም ዝምታዎቹን እያወጣ ጣለ፣ ስንኞቹንም አቀራርቦ ሰፋቸው። አሁን ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያጫውተው አደረገና፣ አምሮበታል ወይስ አላማረበትም፣ መለየት አቃተው።

ሊለይለት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር። በገበያው ቀን እትዬ ዓዲላ ደህና ዋልክ ሊሉት ጎራ ሲሉ፣ አሰማቸው።

እስከ መጨረሻው ሰሙ። ቀና አሉ።

«እነዚህ ሰዎች ማን እያሳደዳቸው ነው?»

«እትዬ፣ ባንዱ...»

«ነዶውን ማን አሰረው? ሜዳ ላይ በትነውት ሄዱ እኮ!» ምርኩዛቸውን አነሱ። «ያም ሰውዬ እንዲህ ነው ያደረገኝ። እሱ ግን አልማለልኝም ነበር።»

ይህን ብለው ወጡ። ቶይባ እንኳ ወሬ አላነሳችም፤ ይህን በዓይኑ ያየ ሰው እስከ ዛሬ ይመሰክራል።

ኑርሁሴን ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ዝምታው ካለ ባንዱ መሳቂያ ይሆናል፣ እሱም ይሆናል። ዝምታው ከወጣ ወላሂ ያለበት ቃል ሜዳ ላይ ይበተናል። አዲሱ ፕሮግራም የድሮውንም የተቆረጠውንም ሁለቱን አስቀምጦለታል፤ ከተሻሻለው ነገር ሁሉ ደግ የሠራለት ይኸ ብቻ ነው፣ እሱም የባሰ ግራ አጋባው። አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ መምረጥ ባላስፈለገው። በመጨረሻ ባለ ዝምታውን አተመና ለዩሱፍ ይዞለት ሄደ።

«ይኸው ነው» አለው። «ቁጠሩ።»

«ብንዋረድስ?»

«እኔ ነኝ የምዋረደው። እናንተ ነገ አገራችሁ ትገባላችሁ።»

ዩሱፍ ትከሻውን ሰበቀ፣ ወረቀቱንም ወሰደ።

የፌስቲቫሉ ቀን ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ከጨፋ በእግርም በአይሱዙም የመጣው ገበሬ ከኋላ ቆሟል፤ እንግዶቹ ከፊት በድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። እትዬ ዓዲላ ከሴቶቹ መካከል ነበሩ። ወደ ኑርሁሴን አንዴም አልዞሩም። እሱ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ ተወሽቋል።

ባንዱ የመጀመሪያውን ስንኝ ነፋ። አማረ። ከዚያ ሃያ ሁለቱም መሣሪያቸውን አወረዱና ቀጥ ብለው ቆሙ። ዩሱፍ በጣቱ ይቆጥራል። አንድ ባር። ሁለት ባር። እንግዶቹ አለቀ ብለው አጨበጨቡ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ አብደላ ተስፈንጥረው ማይክራፎኑን ያዙ።

«እናመሰግናለን! አጭርና ግሩም ዝግጅት...»

ይህን ሲሉ ከኋላ አንድ የሻከረ የገበሬ ድምፅ «ሆዬ!» አለ። አጠገቡ ያለው ተቀበለው። ከዚያ ረድፉ። ከዚያ የጨፋ ሰው በሙሉ፣ ማጭድ የሌለው እጁን እያወዛወዘ፣ «እሰረው፣ ሆ፣ እሰረው!» ብሎ ሜዳውን አናወጠው። አቶ አብደላ ማይክራፎኑን እንደያዙ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ኑርሁሴን እንባው መጣ። ሊያብሰው ሲል ሰባቱ ባር አለቀና ባንዱ ገባ።

ሕዝቡ ግን አልጨረሰም ነበር። ጥሩምባውና «ሆዬ»ው ተጋጩ፤ በአንድ ቀንበር ተጠምደው ግራና ቀኝ የሚጎትቱ ሁለት በሬ ሆኑ። ሕዝቡ ደንግጦ ሲያቆም ባንዱ ስንኙን ጨርሶ ዝም አለ። አራቱ ባር ሲያልቅ ደግሞ የባሰ ተጋጩ። ኑርሁሴን ወረቀቱን ገልጦ ቁጥሩን አየ፤ ሰባት ነው፣ አራት ነው። ኮምፒውተሩ አንዲት ባር አልዋሸም። ታዲያ ማነው የተሳሳተው?

እትዬ ዓዲላ ተነሱ። ምርኩዛቸውን እየተከሉ ሜዳውን አቋርጠው ከባንዱ ፊት ቆሙ።

«አንተ ልጄ» አሉት ዩሱፍን፣ «ወደኔ እያየህ።»

«እማማ፣ ወረቀቱ አሥራ አንድ ነው የሚለው።»

«ወረቀቱ አጭዶ ያውቃል?»

ዩሱፍ ባንዱን የሚመራበትን ዱላ ብብቱ ሥር ከተተና ወረቀቱን አጠፈ። ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለቱም ያዩት የነበረው የአንዲት አሮጊት ራስ ነው። ሲነቀነቅ ይነፋሉ፣ ሲያቆም ያቆማሉ። ዘጠኙ ስንኝ አልቆ እንደገና ተጀመረ፣ እንደገናም። አምስት ደቂቃ የተያዘለት ዘፈን የዙሑር አዛን እስኪሰማ አላበቃም፤ አዛን ባይሆን ኖሮ ዛሬም ሲቀበሉ በደረስንባቸው።

ሰዉ ለሶላት ሲበተን ኑርሁሴን እየፈራ ተጠጋቸው።

«እትዬ፣ ቃሌን ጠበቅኩ ወይስ አፈረስኩ? ያን ዕለት እኮ እዚያ ጋ ሰባት ነበር የጠበቁት አንቱ። ዛሬ ሃያ ሆነ።»

«ያን ዕለት የሚያጭድ የለም ነበር። በልቤ ሠላሳ ሰው አሰለፍኩ።» ሜዳውን በምርኩዛቸው አሳዩት። «ዛሬስ ስንት ነው?»

በማግስቱ ኑርሁሴን ለጀሚል ደወለ። «ሰባትም ያልሆነ፣ አሥራ አንድም ያልሆነ፣ አንዲት ሴትዮ እስክትነቀንቅ የሚል ማሻሻያ መቼ ነው የሚወጣው?»

ጀሚል ሳቀ። «ከጥንት ጀምሮ አለ እኮ። በአሮጌውም ነበር። ከምልክቶቹ ጥግ ላይ ዓይን የምትመስል፣ ግማሽ ክብ፣ ከሥሯ ነጥብ። መሪው እስኪያመለክት ቁም ማለት ናት።»

ኑርሁሴን ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ዓይኗን አያት። ዓይኗም አየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ተፋጠው ኖረዋል። አዲሱ ፕሮግራም እንዲሰማው፣ እንዲቆጥርለት፣ እንዲደብቅለት ሲለምን፣ የሚፈልጋት ነገር ቡዳ ትሆን ብሎ የሸሻት ነበረች።

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝማ!»

ቁጥሮቹን በሙሉ አጠፋ። በስምንቱ ዝምታ ላይ ስምንት ዓይን ተከለ። አትሞ ጨፋ ድረስ ወሰደላቸው። እትዬ ዓዲላ ከደጃፋቸው ተቀምጠው ነበር። ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱን ግን ከላይ እስከ ታች አዩትና ጣታቸውን አንዷ ላይ አሳረፉ።

«ኩን ማሊ? ይቺ ምንድን ናት?»

«ዓይን ናት፣ እትዬ። ባንዱ እዚህ ሲደርስ ቆሞ እሷን ይጠብቃል።»

«የማን ዓይን?»

«የአንቱ።»

እትዬ ዓዲላ ወረቀቱን አቀረቡት፣ አራቁት፣ ደግመው አቀረቡት። ፊታቸው ፈካ ሊል ነበር፤ ከዚያ ግንባራቸው ተቋጠረ።

«አንዷስ?»

«አንዷ ምን?»

«ሁለተኛዋ ዓይኔ የታለች?»

ኑርሁሴን ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ስልኩንም ከኪሱ አወጣና የጀሚልን ቁጥር መፈለግ ጀመረ።